ጥገናው እምቢ ሲል፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የአጥንት ሕክምና ታሪክ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ወጌሻ ማለት የተሰበረ አጥንት የሚጠግን፣ የወለቀ መገጣጠሚያ ወደ ቦታው የሚመልስና ወለምታ የሚያሽ ባለሙያ ሲሆን፣ ከዘመናዊው ሐኪም አስቀድሞ የነበረ፣ ዛሬም ከገበሬው ደጅ ያልራቀ አካሚ ነው። ስለዚህ ሙያ ሲነገር የሚወሳው በአብዛኛው የሠመረው ጥገና፣ ማለትም በወሩ ምርኩዙን ጥሎ ወደ እርሻው የተመለሰው ሰው ታሪክ ነው፤ ነገር ግን የአንድ አገር የአጥንት ሕክምና ታሪክ ሙሉ የሚሆነው ጥገናው እምቢ ያለበትን ጊዜ ጭምር ሲይዝ ነው። አጥንቱ ተጠግኖ መግል ሲቋጥር፣ መግሉ ተጠርጎ እንደገና ሲመለስ፣ የሚቀጥለው እርምጃ ምን መሆን አለበት የሚለው ጥያቄ ዛሬ በታላላቅ ሆስፒታሎች የሚነሣው በሰው ሠራሽ ዳሌና ጉልበት ላይ ነው፤ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ግን ጥያቄው ከብረቱ መገጣጠሚያ መፈልሰፍ በፊት የነበረ፣ ብዙ ቤተሰብ በየዘመኑ በገዛ አካሉ የመለሰው ጥያቄ ነው።

መንዝ ከሞፈር ውሃ በስተሰሜን የተዘረጋ፣ በልማድ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈል፣ ከፍተኛው ክፍሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ደጋ ሲሆን፣ ገብስ አብቃይነቱ፣ በጎቹና ከበጎቹ ፀጉር የሚሠሩት ባናና በርኖስ የታወቁ ናቸው። ግሼ ከዚሁ ደጋ ጋር ተያይዞ ወደ ሰሜን የሚዘልቅ ሲሆን፣ መርሐቤቴ ደግሞ በጀማና በወንጭት ወንዞች ገደል መካከል የተቀመጠ፣ አምባና ቆላ የተፈራረቁበት አገር ነው። እንዲህ ባለ ምድር ላይ ከአምባ ወደ ወንዝ መውረድና ከወንዝ ወደ አምባ መውጣት የዕለት ሥራ በመሆኑ፣ ከገደል መንሸራተት፣ ከበቅሎና ከፈረስ መውደቅ፣ ከዛፍ ላይ መፈጥፈጥ ከማንም ቤት የማይጠፋ አደጋ ነው። በዚህ አገር እግር የሥራ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ለቅሶውንና ሠርጉን ከሰው ጋር የሚያገናኝ መንገድ ስለሆነ፣ እግሩን ያጣ ሰው ከማኅበራዊ ኑሮም እንዳይርቅ ይሠጋል። የወጌሻነት ሙያ የተከበረውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሙያው በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ፣ አንዳንዴም ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ትምህርቱ በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅ የሚቀሰም ነው። ወጌሻው በመጀመሪያ የተጎዳውን አካል በቅቤ እያሸ በጣቶቹ ይዳስሳል፤ አጥንቱ የተሰበረ መሆኑን ከሚሰማው መንሸራሸርና መንኮሻኮሽ፣ መገጣጠሚያው የወለቀ መሆኑን ደግሞ ከቅርጹ መዛባትና ከእንቅስቃሴው መገታት ይለያል። ከዚያም ረዳት ከላይ እየያዘ እርሱ ከታች እየጎተተ አጥንቱን ያጋጥመዋል፣ በጨርቅ ይጠቀልለዋል፣ በጨርቁም ላይ የቀርከሃ ወይም የእንጨት ስንጥር ዙሪያውን ደርድሮ ያስራል፤ በየጥቂት ቀኑም እየፈታ ያያል። ይህ አሠራር በመርሑ ከዘመናዊው ሕክምና የራቀ አይደለም፤ ጎትቶ ማስተካከል፣ አስሮ ማሳረፍና ጊዜ መስጠት ጄሶም የሚከተለው ሥርዓት ነው። ቆዳው ያልተቀደደና አጥንቱ በቦታው የተቀመጠ ስብራት በወጌሻ እጅ ሲጠና የኖረውም ስለዚህ ነው።

የሙያው ወሰን የሚታየው ግን በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ማሰሪያው ሲጠብቅ ነው፤ የተሰበረ እግር ወይም ክንድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚያብጥ፣ እብጠቱን የማይለቅ ማሰሪያ የደም ዝውውሩን ይዘጋውና አካሉ ደም አጥቶ ይሞታል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ሐኪሞች ጋንግሪን የሚሉት ይህን ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች በተለይ በልጆች ላይ ለሚደረገው የእግርና የእጅ መቆረጥ ከዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጠበቀ ማሰሪያ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ሁለተኛው ወሰን አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣበት ስብራት ነው፤ በዚህ ጊዜ ከአፈር፣ ከልብስና ከቆዳ የሚገቡ ተሕዋስያን፣ በተለይ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ፣ አጥንቱ ውስጥ ገብተው ይሰፍራሉ። አንዳንድ ጊዜም ምንም ስብራት ሳይኖር ባክቴሪያው ከሌላ ቁስል በደም ተጉዞ የሚያድግ ልጅ አጥንት ውስጥ ያርፋል፤ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስም ዳሌን፣ ጉልበትንና አከርካሪን ይጎዳል።

አጥንት ሲመግል ሕመሙ ከሥጋ ቁስል የሚለየው የአጥንቱ ክፍል ደም ስለሚያጣ ነው፤ ደም ያጣው ክፍል ሞቶ ከሕያው አጥንት ይለያል፣ የሞተውም ስባሪ ለባክቴሪያው መጠለያ ይሆናል፤ ደም ስለማይደርሰው ሰውነቱ ሊዋጋው፣ መድኃኒትም ሊደርስበት አይችልም። መግሉ ግን መውጫ ስለሚሻ ቆዳውን ይበሳና ቀዳዳ ይከፍታል፤ ቀዳዳው አንዳንዴ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ይከፈታል፣ በየጊዜውም ትንንሽ የአጥንት ስባሪዎች ከመግሉ ጋር ይወጣሉ። በደጋው ኑሮ እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው ዓመታትን፣ አንዳንዴም ሙሉ ዕድሜውን ከቁስሉ ጋር ይኖራል። ቁስሉ ሲዘጋ ትኩሳትና ሕመም ይነሣሉ፣ ሲፈስ ይቀልላል፤ ስለዚህ ብልኅ አስታማሚ ቀዳዳው እንዳይደፈን ይጠብቃል፣ ቆዳ ላይ ብቅ ያለውን ስባሪ በወረንጦ ያወጣል፣ ቁስሉንም በማር ወይም በቅጠል ያክማል። ይህ ፈውስ አይደለም፤ ከበሽታው ጋር የተደረገ እርቅ ነው፣ ነገር ግን ሰውየው ከሥራውና ከቤቱ ሳይለይ እንዲኖር ያስቻለ እርቅ ነው።

ከዚህ እርቅ ጎን ለጎን የቆመው ጠበል ነው። ከመንዝ በስተደቡብ በሳላ ድንጋይ አቅራቢያ የምትገኘው ጻድቃኔ ማርያም ከሩቅ አገር ሳይቀር ሕሙማን የሚሄዱባት ታላቅ የጠበል ስፍራ ስትሆን፣ ወጌሻው የተወውና ቅጠሉ ያልረዳው ቁስለኛ እዚያ መጠጊያ አግኝቷል። ጠበሉ ለሕመምተኛው ከመፈወስ ተስፋ ሌላ አንድ ትልቅ ነገር ይሰጠዋል፤ እርሱም እንደርሱ ያሉ ሰዎች ባሉበት ጉባኤ መካከል ማረፍ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲጠቀሙ መምከራቸው፣ በሁለቱ መካከል ጠብ የለም የሚለውን አስተሳሰብ ያጸና ስለሆነ፣ ለአጥንት ሕሙማንም የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ከመፍትሔዎች ሁሉ እጅግ የሚፈራው የመጨረሻው፣ ማለትም የታመመውን አካል መቁረጥ ነው፤ ፍርሃቱም ከሕመሙ ብቻ የመጣ አይደለም። በቀድሞው የኢትዮጵያ ፍርድ እጅና እግር መቁረጥ በሌባና በከዳተኛ ላይ የሚፈጸም ቅጣት ነበር። ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል በኋላ ለጣልያን የተዋጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምርኮኛ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው መቆረጡ የዚሁ ልማድ ታላቅ ምስክር ነው። አካል መቆረጥ የፍርድ ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር፣ ሕይወቱን ለማዳን እግሩን ለማስቆረጥ የተጠየቀ ገበሬ «ምን በደልኩ?» ብሎ ቢያዝን ሊገርም አይገባም፤ ከሆስፒታል ጠፍቶ ወደ ወጌሻው የሚመለሰውን ሰው ባላዋቂነት ከመውቀስ ይልቅ ከፍርሃቱ በስተጀርባ ያለውን ታሪክ ማወቅ የተሻለ ነው።

የውጭ ሕክምና ወደ ሸዋ የገባው በነገሥታቱ ደጅ በኩል ነው። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚጀምረው ከመንዝ ከተነሣው ከነጋሢ ክርስቶስ ሲሆን፣ ከዘሩ የሆነው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 የነገሠው፣ በ1841 እ.ኤ.አ. የመጣውን የእንግሊዝ ልዑክ በአንኮበር አካባቢ ሲቀበል ከልዑኩ ጋር ሐኪም ነበረ። ይሁን እንጂ ይህ ሕክምና ለቤተ መንግሥትና በዙሪያው ላሉት የደረሰ እንጂ እስከ መንዝ ማማ ምድርና እስከ ግሼ ራቤል የወረደ አልነበረም። ከአድዋ ጦርነት በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በአዲስ አበባ ቁስለኞችን አከሙ፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታትም በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ተመሠረተ። ለደጋው ገበሬ ግን አዲስ አበባ የብዙ ቀን መንገድ ስለነበረ፣ በቃሬዛ ሊደርስ የሚችለው ጥቂቱ ሰው ነበር።

ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረባቸው አምስት ዓመታት መንዝና መርሐቤቴ በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩት አርበኞች የሚንቀሳቀሱበት ምድር በመሆናቸው፣ የጥይትና የቦምብ ቁስለኛው በረከተ፤ ሐኪም ቤት ግን አልነበረም። በጥይት የተሰባበረ አጥንት ከሁሉ ይልቅ ለመግል የተጋለጠ ነው፤ ምክንያቱም ጥይቱ አፈርና ጨርቅ ይዞ ስለሚገባና አጥንቱን ስለሚያደቅቀው ነው። ቁስለኞች በዋሻ ይሸሸጉ ነበር፤ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ ዘረት በሚባለው ስፍራ በዋሻ የተጠለሉ ቁስለኞች፣ አዛውንት፣ ሴቶችና ሕፃናት በፋሽስት ሠራዊት በመርዝ ጋዝ ተጠቅተው ማለቃቸው ለዚህ መራራ ምስክር ነው። ከዚያ ዘመን የተረፉት አንካሶችና ዘማቾች የያዙት ቁስል የአገሪቱ የነፃነት ዋጋ አንድ ክፍል ሆኖ ሊታይ ይገባዋል።

ከዚያ ዘመን በፊትም በኋላም በውጭ አገር መገጣጠሚያን በሌላ ነገር የመተካት ሐሳብ ሲወድቅና ሲነሣ ነበር። የበርሊኑ ሐኪም ቴሚስቶክልስ ግሉክ በ1890 እ.ኤ.አ. በሳንባ ነቀርሳ የተበላሸ ጉልበትን ከዝሆን ጥርስ በተሠራ መገጣጠሚያ ተክቶ ነበር፤ ሆኖም የገባው ሰው ሠራሽ አካል በመመረዙ ሐሳቡ ከዘመኑ ቀድሞ ቀረ። እንግሊዛዊው ጊርድልስቶን በ1928 እ.ኤ.አ. ለተመረዘ ዳሌ የጭኑን ራስ ቆርጦ ማውጣትንና ቦታውን ባዶ መተውን አስተዋወቀ። በ1962 እ.ኤ.አ. ጆን ቻርንሊ ዛሬ ድረስ መሠረቱ ያልተለወጠውን የዳሌ ምትክ ሠራ፤ መጀመሪያ ከ7 እስከ 9 በመቶ የነበረው የመመረዝ መጠንም የቀዶ ጥገናውን ክፍል አየር በማጥራትና ጥንቃቄን በመጨመር ወደ 1 በመቶ ገደማ ሊወርድ ቻለ። ይህ ቁጥር የሚያስተምረው ነገር ከወጌሻው ማሰሪያ ጋር አንድ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አጥንትን ከመግል መጠበቅ ከመግል ከማዳን ይቀልላል።

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተመረዘ ለምን ይከብዳል የሚለውን ለመረዳት የሞተውን አጥንት ማስታወስ ይበቃል። ብረትና ፕላስቲክ እንደ ሞተ አጥንት ደም አይደርሳቸውም፤ ባክቴሪያው በላያቸው ተጣብቆ በዝግታ በሚያድግ ስስ ልባጭ ውስጥ ይደበቃል፣ መድኃኒቱም አይነካውም። ሐኪሞች በመጀመሪያ ቁስሉን ያጥባሉ፤ ካልሆነ በሁለት ደረጃ ይሠራሉ፤ መገጣጠሚያውን አውጥተው መድኃኒት ያዘለ ሙጫ መሰል ነገር፣ ሲሚንቶ የሚሉትን፣ ለጊዜው ይተካሉ፣ ከሳምንታት በኋላ መግሉ እንደጠፋ ሲያረጋግጡ አዲስ መገጣጠሚያ ያስገባሉ። ይህ የመጀመሪያ ሙከራ ከ10 ሰዎች ለ8 ወይም ለ9 ያህሉ ይሠምራል፤ እምቢ ባለ ቁጥር ግን የሚቀጥለው ሙከራ የመሥመር ዕድሉ ያነሰ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚቀሩት አራት መንገዶች የደጋው ሰው ከሚያውቃቸው ጋር እጅግ ይመሳሰላሉ።

የመጀመሪያው መገጣጠሚያውን ሳይነኩ ዕድሜ ልክ መድኃኒት በመውሰድ ባክቴሪያውን ማፈን ነው፤ ይህ የመግል ቀዳዳውን ከፍቶ ከመኖር ጋር የሚዛመድ፣ በሽታውን ሳያጠፋ የሚገታ እርቅ ነው። ሁለተኛው የተተከለውን አውጥቶ መተው፣ ማለትም የጊርድልስቶን ቀዶ ጥገና፣ ሲሆን እግሩን ያሳጥረዋል፣ ሰውየውም በምርኩዝ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ሕመሙንና መግሉን ግን በአብዛኛው ያቆማል። ሦስተኛው፣ በተለይ ለጉልበት የሚደረገው፣ አጥንቱን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ማድረቅ ነው፤ እግሩ ይቆማል፣ ይሸከማል፣ አይታጠፍም። አራተኛው መቁረጥ ነው፤ ለሰውየው የሚተርፈው ሕይወቱ ብቻ በሆነ ጊዜ የሚመጣ ውሳኔ ነው።

እነዚህ አራት መንገዶች በከተማና በደጋ እኩል አይመዘኑም። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለይቶ ማወቅን፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራን፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ማግኘትን ይጠይቃል፤ ይህ ከመንዝ ሞላሌ ወይም ከግሼ ራቤል ለሚመጣ ሰው እንደ ከተሜው ቀላል አይደለም። የደረቀ ጉልበት በአውቶቡስ መቀመጥንና በመደብ ላይ መቀመጥን ያስቸግራል፤ ነገር ግን በቆመበት ሊያሳርፍ፣ በገደል ላይም ከሚንገዳገድ እግር በላይ ሊያስተማምን ይችላል፤ በቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ተደግፎ ቅዳሴ ለሚቆም ሰው ደግሞ የማይናቅ እግር ነው። የተቆረጠ እግር ሰው ሠራሽ እግር ያስፈልገዋል፤ ይህንን የሚሠሩ ማዕከሎች በአዲስ አበባና በደሴ ይገኛሉ፤ ሆኖም እግሩ ከጉልበት በላይ በተቆረጠ ጊዜ በዳገት ላይ መሄድ የሚጠይቀው ጉልበት እጅግ ስለሚበዛ፣ አንድ አረጋዊ ብዙ ጊዜ ወደ ምርኩዝና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም የትኛው መንገድ ለአጥንቱ ይሻላል ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው በየትኛው እግር ወደ የትኛው ቀዬ ይመለሳል ብሎ ይጠይቃል።

ሕክምናው ራሱ ወደ ደጋው እየቀረበ መጥቷል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ተብለው የሚታወቁት ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ያገለገሉበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ስፔሻሊስቶች የሚሠለጥኑበት ዋና ማዕከል ሆነ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ደብረ ብርሃንና በመንዝ ያለው መሐል ሜዳ ሆስፒታል አላቸው፤ በመርሐቤቴ ደግሞ በተዋናዩ ካርልሃይንዝ በም የተመሠረተው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በሰፊው በሠራበት አገር፣ በዓለም ከተማ፣ እናት ሆስፒታል ይገኛል። ከሙከጡሪ የሚነሣውና የጀማን ገደል የሚሻገረው መንገድም ቃሬዛውን በመኪና ተክቶታል። የዳሌና የጉልበት ምትክ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ግን በዋናነት በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ገንዘብ ያላቸውም ወደ ታይላንድና ወደ ሕንድ እየሄዱ ይሠራሉ፤ መመረዙ ከተከሰተ ደግሞ ሸክሙ ወደ አገር ቤት ሐኪም ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ወጌሻውንና ሐኪሙን ማጋጨት አይደለም። በጉራጌ አገር በሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል የተደረገና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ወጌሾች ስለ ማሰሪያ ጥበቃ አጭር ሥልጠና ሲወስዱ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡ አካላት ቁጥር በግልጽ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ሥልጠናውም ማሰሪያውን አላልተህ እሰር፣ ጣቶቹ ቀዝቅዘው ወይም ጠቁረው እንደሆነ ቶሎ ፍታ፣ ቆዳው የተቀደደውን ወደ ሆስፒታል ላክ የሚሉ ጥቂት ቃላት ናቸው። እንዲህ ያለ ትምህርት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ወጌሾች ዘንድ ቢስፋፋ፣ ብዙ እግሮች ከመግል፣ ጥቂት ያይደሉ ሰዎችም ከመጨረሻው ውሳኔ ሊድኑ ይችላሉ።

የአጥንት ሕክምና ታሪክ በዚህ ደጋ ላይ የሚያስተውለውን ሰው አንድ ነገር ያሳየዋል። ጥገናው እምቢ ሲል ሕክምናው አላለቀም፤ ጥያቄው ግን ይለወጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ አጥንቱ እንዴት ይዳን የሚል ነበር፤ ቀጣዩ ሰውየው በቀረው አካል እንዴት ይኑር የሚል ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍን የኖረው ቁስለኛ፣ እግሩ ደርቆ መቋሚያውን ይዞ ቅዳሴ የቆመው ሽማግሌ፣ በጻድቃኔ ማርያም ደጅ ያረፈው ሕሙም፣ ሁሉም ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ከሐኪሞች አስቀድመው መልሰውታል። ዘመናዊው ሐኪም ከሞላሌ የመጣውን ታካሚ በፊቱ አስቀምጦ አራቱን መንገዶች በሚዘረዝርበት ጊዜ፣ ያ ታካሚ ከእርሱ በፊት ስለ ገዛ አካላቸው የወሰኑ ሰዎች ልጅ መሆኑን ቢያስታውስ፣ ውሳኔውም ለታካሚውና ለቤተሰቡ እንደሚገባ ቢረዳ፣ ሕክምናው ከዚህ ደጋ ታሪክ ጋር ታረቀ ማለት ነው።